ሰማንያ በመቶ የደረሱ ድልድዮች

እኛ አገር ሥራ የሚመረቀው ከመጀመሩ በፊት ነው። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ ጥቅም እንዳለው አይቻለሁ። ያልተጀመረ ሥራ እንከን የለውም። ግድግዳው አይሰነጠቅም፣ ጣሪያው አያፈስም፣ የእንግዶቹም ጫማ ጭቃ አይነካውም። ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሥራውን መጀመር የተገኘውን ደስታ ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ አስተዋይ ሰው አይሞክረውም።

ከተማችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ከወንዙ ወዲህ ጽሕፈት ቤቶች፣ ገበያና ጤና ጣቢያ አሉ። ከወንዙ ወዲያ ሰዎች አሉ። እኔ ሥራ በያዝኩ ጊዜ በዚህ ወንዝ ላይ አሥራ አንድ ድልድዮች ተመርቀው ነበር። የአሥራ አንዱም የመሠረት ድንጋይ ወንዙ ዳር ተደርድሮ ነበር፤ የመራቂው ስም ከነማዕረጉ የተቀረጸበት፣ ሁለት ሰው የማያነሣው ጥርብ ድንጋይ። በበጋ ሰው ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያወልቅና ውኃውን በእግሩ ይሻገር ነበር። በክረምት ተቀምጦ ውኃውን ያይ ነበር።

የምሠራው የምርቃት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተምሬ የብሥራት ጸሐፊ ተብዬ ተቀጠርኩ። ሥራዬ በየሳምንቱ ስለ እያንዳንዱ ድልድይ «ሥራው በመፋጠን ላይ ይገኛል፤ ሰማንያ በመቶ ደርሷል» ብሎ መጻፍ ነበር። ለምን ሰማንያ እንደሆነ አለቃዬን በመጀመሪያው ቀን ጠይቄያቸዋለሁ።

«ልጅ ስሜነህ፣» አሉኝ፣ «መቶ ካልክ ‹እስቲ እንሻገር› የሚል ይመጣል። ሃምሳ ካልክ ‹ምን ነካችሁ› የሚል ይመጣል። ሰማንያ ካልክ ማንም አይመጣም።»

አለቃዬ ሊቀ መቀስ ደምመላሽ ይባላሉ። ከማዕረጋቸው እንደሚታወቀው የከተማው የሪባን መቀስ ያለው በእሳቸው እጅ ነው። አርባ ዓመት ቆርጠዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሪባን በቆረጡ ቁጥር ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ በየጊዜው፣ ከልባቸው።

ሌላም ሕግ አለን። ሥራ በሚታሰብበት ቦታ ሁሉ «እዚህ ማሟረት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል። «ዝናብ ቢቀድመንስ?» ያለ፣ «እንጨቱ ባይደርስስ?» ያለ፣ ሥራው እንዲበላሽ እንደተመኘ ይቆጠራል። ቅጣቱ ፊትን ወደ ወንዙ አዙሮ «ምላሴን ቆረጥኩ» እያሉ አርባ ጊዜ መድገም ነው። ከአሥራ አንዱ ጥቂት ተጀምሮ የነበረው ስድስተኛው ብቻ ነው፤ እሱንም ጎርፍ ወሰደው። ጎርፉ ሲመጣ ሦስት ግንበኞች ዳር ቆመው ቅጣታቸውን እየፈጸሙ ነበር፤ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ደርሰው ነበር ይባላል።

እናቴ የሺመቤት የምትኖረው ከወንዙ ወዲያ ነው። በበጋ በየእሑዱ ተሻግሬ እጠይቃታለሁ። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላል። ያኔ እሷ በወዲያ ዳር፣ እኔ በወዲህ ዳር የዘጠነኛው ድልድይ የመሠረት ድንጋይ ላይ ቆሜ እንጯጯህ ነበር።

«ስሜነህ! በላህ ወይ?»

«በልቻለሁ እማዬ!»

«ወፈርክ ወይ?»

«ወፍሬያለሁ!»

«ያቺ ልጅስ ምን አለችህ?»

እዚህ ላይ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ማጠባቸውን አቁመው ይጠብቃሉ። ጉዳዬን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ያቺ ልጅ እምቢ ባለችኝ ሳምንት፣ ለእናቴ ሳልነግራት በፊት ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ አጽናንተውኛል።

በመጨረሻ ሁልጊዜ ይህን ትጠይቀኛለች፤ «ድልድዩስ የት ደረሰ?»

«ሰማንያ በመቶ!»

«ተመስገን!» ትላለች። እኔም ጠጠር እንደዋጠ ሰው ሆኜ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

አንድ ዓመት የእናቴን ቀኝ ዓይን ሞራ ጋረደው፤ ያም ዓይን ጠፋ። በተከታዩ ክረምት ግራውን ጀመረው። የዓይን ሐኪም ወደ ከተማችን የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ነሐሴ አሥር ቀን ነው። ለምን በነሐሴ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ቀኑን የቆረጠው ወንዝ በሌለበት አገር የሚኖር ሰው መሆን አለበት። በየግንቦቱ ተሻግረሽ እኔ ዘንድ ክረሚ ብዬ እለምናት ነበር። «ክረምቱን ጎጆዋንና አረሟን ጥላ የሄደች ሴት በመስከረም ጎጆም ማሳም አታገኝም፣» ትለኝ ነበር። አንድ ዓመት ሞክራው ነበር። በሦስተኛው ቀን «ይህ ክፍል ሰው ተኝቶ ሳይሆን ታጥፎ የሚያድርበት ነው» ብላ ተመለሰች።

በቀጣዩ ጥር የጤና ጣቢያዋ ነርስ ዓይኗን አየችና ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ዘንድሮ ነሐሴ ሞራው ካልተነሣ ይህኛውም እንደዚያኛው ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙም ምንም አያደርግላትም።»

በዚያው ጥር ሊቀ መቀስ ልጃቸውን ዳሩ።

ሠርጉን የመሩት እትዬ ስንዱ ናቸው። ሙያቸው ድግስ መምራት ነው። ሠላሳ ዓመት መርተዋል፤ አንድም ሠርግ «ድግሱ ሰማንያ በመቶ ስለደረሰ እንግዶች በትዕግሥት ይጠብቁ» ተብሎ አያውቅም። የዚያን ቀን ስድስት መቶ ሰው መጣ። ድንኳኑ ቆሟል፣ ወጡ ትኩስ ነው፣ ጠላው ጠርቷል፣ ከዕድር የመጣው ሳህን ሁሉ በበቂ ቀርቧል። ሊቀ መቀስ በድንኳኑ መካከል ቆመው ቀሩ።

«ስሜነህ፣» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ቀኑ ደረሰ። ድግሱም ደረሰ። በአንድ ቀን!»

በዕድሜያቸው ያለቀ ነገር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እዚያው፣ ጠጁ እጃቸው ላይ እንዳለ፣ እትዬ ስንዱን የአሥራ ሁለተኛው ድልድይ ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው። የአሥራ አንዱ ድልድይ መሐንዲሶች በሙሉ ስለ ስኬታቸው ተሾመው ወደ ላይ ስለሄዱ ቦታው ክፍት ነበር።

«እኔ ድልድይ ሠርቼ አላውቅም፣» አሉ እትዬ ስንዱ።

«የሠራ የለም፣» አሉ ሊቀ መቀስ በቅንነት።

እትዬ ስንዱ ግን እንደሌሎቹ በሹመቱ ማግስት ሪባን አላዘዙም። ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። «መቀሱን።»

«የምን መቀስ?»

«የሠርግ ጠጅ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው፤ ከሠርጉ በፊት አይከፈትም። ሰው ሳይሻገር ሪባን አይቆረጥም።»

ሊቀ መቀስ መቀሱን ሲያስረክቡ የጋብቻ ቀለበት የሚያወልቁ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃቸው የሚገባበት አጣ። ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው በሁለት ጣታቸው አየር ሲቆርጡ አያቸዋለሁ።

በሳምንቱ ወንዙ ዳር ድንኳን ተተከለ፣ ጉልቻ ተቀመጠ፣ ሽሮ ተጣደ። እትዬ ስንዱ ድንኳኑን «ጓዳ» አሉት። የማሟረት ሕጉ ስለ ጓዳ የሚለው ነገር የለም፤ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ጓዳ ገብተው አያውቁም።

በመጀመሪያው ስብሰባ የተገኘነው እኔ፣ ሊቀ መቀስ፣ ሦስት የኮሚቴ ሰዎችና ግንበኛው ጋሽ ማንደፍሮ ነበርን። ጋሽ ማንደፍሮ በስድስተኛው ድልድይ ከተቀጡት ሦስቱ አንዱ ናቸው፤ ሲያወሩ እስከ ዛሬ አፋቸውን በእጃቸው ይከልላሉ።

«ሙሽራዋ ማን ናት?» አሉ እትዬ ስንዱ።

ተያየን።

«ድልድዩ ለማን ነው የምላችሁ።»

«ለትውልድ፣» አለ አንዱ የኮሚቴ ሰው።

«ለታሪክ፣» አለ ሁለተኛው።

«ታሪክ እግር የለውም። የሚሻገረው ማን ነው?»

እኔ ሳላስበው «እናቴ» አልኩ። ኮሚቴው አፈረልኝ። እትዬ ስንዱ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «እንግዲህ እንጠይቃታ!»

አሥራ አንድ ድልድዮች ሲመረቁ ወዲያ ማዶ ተሻግሮ የጠየቀ አልነበረም። ውኃው ጉልበት አይደርስም ነበር፤ ተሻገርን። እናቴ ደጃፏ ላይ በድምፃችን ለየችን።

«እማማ የሺ፣ ድልድዩ ምን ይኑረው?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«እኔ እንደሆን ዓይኔ ሄዷል፣» አለች እናቴ። «እጄ የሚይዘው ነገር ይኑረው። ገመድ ቢሆን ጥሩ። ገመዱ ደግሞ በየክንዱ ቋጠሮ ይኑረው፣ የት እንደደረስኩ እንዳውቅ። መካከሉ ላይ ትልቅ ቋጠሮ።»

«ሌላስ? ኮሚቴው ፏፏቴ፣ የሰዓት ማማና የአንበሳ ሐውልት አስቧል።»

«አንበሳው ይናከሳል?»

«የድንጋይ ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርግልኛል?»

በዚህ ሁኔታ አንበሳው ቀረ። ኮሚቴውም ቅር ብሎት ቀረ።

እትዬ ስንዱ የጓዳው ምሰሶ ላይ ገመድ ዘርግተው ሃያ ስምንት ቁራጭ ጨርቅ አሰሩበት። የመጨረሻው ጨርቅ ነሐሴ ዘጠኝ ነው፤ ሐኪሙ ከመምጣቱ አንድ ቀን በፊት። ከዚያ ወደ ኋላ ቆጠሩ። «ጠላ ለእሑድ ከፈለግሽ ጌሾው መቼ ይወቀጣል? እንደዚያ ነው። ወለሉ ከመነጠፉ በፊት ምን ይቅደም? ወንዙ ከመሙላቱ በፊት የትኛው ይለቅ?» በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አንድ ጨርቅ ይፈታል፤ በዚያ ሳምንት ማለቅ የነበረበት ካላለቀ ጨርቁ ቀይ ክር ታስሮበት እዚያው ይንጠለጠላል፣ ሁሉም እያየው ሽሮውን ይበላል።

ከምግብ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ሰው አንድ ክፉ ነገር መናገር ግዴታው ሆነ።

«ምን ሊበላሽ ይችላል? ሠርግ ሲሆን ይኸው ነው ጥያቄዬ። ዝናብ ቢመጣ፣ ወጥ ሠሪዋ ብትታመም፣ ድንኳኑ ቢቀደድ። በሉ፣ አሟርቱ።»

ሽሮው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ጋሽ ማንደፍሮ በድንኳኑ ቀዳዳ ወደ ውጭ አዩ፣ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ከለሉ። «ወንዙ… ከሰኔ በፊት ከመጣ… መካከለኛውን ምሰሶ ይበላዋል።»

«እሰይ! የተባረክ!» አሉ እትዬ ስንዱ። «ይህን ክፉ ማን ያሳድገው?»

ጋሽ ማንደፍሮ አለቀሱ። ለዚያች ንግግራቸው ከስድስት ዓመት በፊት ተቀጥተውባታል፤ የተመሰገኑባት ያን ቀን ነው። የዚያን ሰኞ አንዱ ሌላውን እያስታወሰ አርባ አንድ ክፉ ነገሮች ተነገሩ። እያንዳንዱ ክፉ ነገር አሳዳጊ ተሰጠው፤ አሳዳጊው በየሰኞው «ልጄ እንዲህ ሆኗል» ብሎ ይናገራል። ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ከብሥራት ጸሐፊነት ወደ ሟርት ጸሐፊነት ተዛወርኩ ማለት ነው። እኔም አንድ ልጅ ደረሰኝ፤ «የወለሉን እንጨት ውኃ ቢወስደውስ?» የምትል።

ከባዱ ይቅደም ተብሎ ሥራው ከመካከለኛው ምሰሶ ተጀመረ። ወዲያው ጥርብ ድንጋይ አነሰ። እትዬ ስንዱ ዙሪያቸውን አዩ። ዓይናቸው በአሥራ አንዱ የመሠረት ድንጋዮች ላይ ሲያርፍ ሊቀ መቀስ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አይሆንም! ቅርስ ናቸው! የታላላቅ ሰዎች ስም አለባቸው!»

«ስሙ ወደ ውጭ ዞሮ ይገንባ።»

ሊቀ መቀስ አሰቡ። «ወደ ውጭ ከዞረማ… ክብራቸው አልተነካም።»

አሥራ አንዱ ድልድዮች እንዲህ ሆነው በመጨረሻ ወንዙ ውስጥ ገቡ። ስሞቹን ዛሬ የሚያነብ ዓሣ ብቻ ነው፤ ምሰሶው ግን አይነቃነቅም።

ለሊቀ መቀስም ሥራ ተገኘላቸው። የመያዣው ገመድ ቃጫ ነው፤ እኩል እኩል ተቆርጦ፣ በክንድ ተለክቶ መቋጠር አለበት። እትዬ ስንዱ አንድ ጠዋት ቢላዋና የቃጫ ጥቅል አምጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩላቸው። አርባ ዓመት ሪባን የቆረጠ እጅ ስንዝር አይስትም። ሲቆርጡ ያው እንባቸው ያቀርር ነበር።

ግንቦት ሃያ ስምንት ቀን ወንዙ መጣ፤ ከልማዱ አሥራ ሁለት ቀን ቀድሞ። ሁላችንም ዳር ቆመን አየነው። ጋሽ ማንደፍሮ ሳያውቁት «ምላሴን ቆረጥኩ» ማለት ጀምረው ነበር፤ ሦስተኛው ላይ እትዬ ስንዱ አፋቸውን ያዙት። መካከለኛው ምሰሶ ከሦስት ሳምንት በፊት አልቆ ነበርና ቆመ። እንጨቶቼን ኮረብታው ላይ አስሬያቸው ስለነበር አልተነኩም። የሄደው የወዲያ ማዶው ምሰሶ መወጣጫና ሁለት ሳምንት ነው። ቀይ ክር ያላቸው ጨርቆች አራት ደረሱ።

በዚያው ሰሞን ከላይ ደብዳቤ መጣ። አንድ ታላቅ እንግዳ በሐምሌ አጋማሽ ሊመርቁ ይመጣሉ፤ ድልድዩ የደረሰበት ደረጃ ተጽፎ ይላክ ይላል። ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ ብዕሬን አነሣሁ። እጄ ሳላዝዘው «ሰማ…» ብሎ ጀመረ። እትዬ ስንዱ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«ስሜ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ወጡ አልደረሰም ያለ ሰው እሳት ይጨመርለታል። ደርሷል ያለ ሰው ምን ይጨመርለታል?»

ጋሽ ማንደፍሮን ጠርቼ አብረን ቆጠርን። «ሃምሳ ሁለት በመቶ» ብዬ ጻፍኩ፤ የጎደለውንም ከሥሩ ዘረዘርኩ። ጽሕፈት ቤታችን ከተቋቋመ ወዲህ ከሰማንያ ሌላ ቁጥር ሲወጣው የመጀመሪያው ነበር። ማኅተም የምትመታዋ ልጅ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችና «ታመሃል?» አለችኝ።

ከባዱ ግን እሑድ ነበር። አንድ የመሠረት ድንጋይ እንኳ አልቀረልኝም፤ ሣሩ ላይ ቆምኩ።

«ድልድዩስ የት ደረሰ?» አለች እናቴ ከማዶ።

«ሃምሳ ሁለት በመቶ!»

አጣቢዎቹ እጃቸውን ከውኃው አወጡ።

«ዝቅ አለ?»

«ዝቅ አላለም! ያ ሰማንያው ውሸት ነበር እማዬ! ሁሉም ውሸት ነበር!»

ወንዙ ብቻውን ጮኸ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ።

«አውቃለሁ!»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አንድ ዓይን ነበረኝ እኮ! ድልድይ ካለ ይታያል!»

«ታዲያ ለምን ተመስገን ትይ ነበር?»

«ድምፅህን ስለሰማሁ ነዋ!»

ከአጣቢዎቹ አንዷ በእርጥብ እጇ ፊቷን ጠረገች። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ አሰርኩ። እናቴ ግን አልጨረሰችም።

«አሁን የጎደለው ምንድን ነው?»

እትዬ ስንዱ አጠገቤ መጥተው በእኔ ፈንታ ጮኹላት። «ጊዜ ነው እማማ የሺ! ወለሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ነው የታሰበው! አይደርስም!»

«አንድ በአንድ እንሻገራለን! ሙሽራ ልናጅብ ነው እንዴ? መያዣዋን ግን እንዳትነኩብኝ!»

በማግስቱ ከወዲያ ማዶ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው ወረዱ። ለአሥራ አንድ ድልድዮች ያልወረዱት ለምን እንደሆነ በኋላ አንዱን ሽማግሌ ጠየቅኩት። «ሰማንያ በመቶ ደርሷል ስትሉን፣» አለኝ፣ «የጎደላችሁ እኛ ነን ብለን እንዴት እናስብ?» የወዲያውን ምሰሶ ጋሽ ማንደፍሮ ከወዲህ እየጮኹ፣ እነሱ ከወዲያ እየገነቡ ጨረሱት። አንዳንዱ ቃል ውኃው ላይ ይጠፋና ድንጋዩ ሁለት ጊዜ ይነሣ ነበር።

ታላቁ እንግዳ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ መጡ። ወለሉ ግማሽ ነበር። መቀስ ቢሉ መቀስ የለም፤ እትዬ ስንዱ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሊቀ መቀስ የቃጫ ብናኝ እንደ ነካቸው ቀርበው «ክቡርነትዎ፣ ገና ነው» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ እሳቸውም ሰምተውት የሚያውቁ አይመስሉም። እንግዳው በዚያው ጉዞ ጎረቤት ከተማ አንድ ግድብ መርቀው ስለተመለሱ ብዙ አልተቀየሙም።

ነሐሴ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ጨርቅ ተፈታ። ማንም ከመሻገሩ በፊት እትዬ ስንዱ አሥራ ሁለት የእህል ጆንያ አሸክመው አሻገሩ፣ መለሱ፣ እንደገና አሻገሩ። «እንግዳ ከመቅመሱ በፊት ወጥ ሠሪዋ ትቀምሳለች» ብለው በመጨረሻ እሳቸው ሄዱ።

ነሐሴ አሥር ጠዋት እናቴ ከወዲያ ማዶ ገመዱን ያዘች። ተሻግሬ ላምጣት ብል እሺ አላለችም። «የጠየቅኩት መያዣ ነው እንጂ ደጋፊ አይደለም።» ከኋላዋ ዓይናቸውን የሚታከሙ ዘጠኝ ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል። ከሥሯ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይገማሸራል። ስልሳ ቋጠሮዎች አሉ፤ እሷም ቁጥሩን ታውቀዋለች።

«አሥራ አምስት! ሃያ አምስት በመቶ!» እያለች ትጮኻለች። ሒሳቡን ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመደው እንደሰነበተች ኋላ ነገሩኝ። ትልቁ ቋጠሮ ላይ ስትደርስ በሁለት እጇ ዳሰሰችው። «ሃምሳ!»

ከዚያ ስልሳ አለች፣ ሰባ አለች። አርባ ስምንተኛው ቋጠሮ ላይ ቆመች።

«ሰማንያ በመቶ!»

ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ሊቀ መቀስ ክንዴን ጨበጡኝ። በዚያ ወንዝ ላይ ከዚህ ቁጥር ያለፈ ነገር ታይቶ አያውቅም።

«ስሜነህ!» አለች እናቴ። «ከዚህ ያልፋል ወይ?»

«ያልፋል እማዬ! ነይ!»

መጣች። እግሯ ሣሩን ሲነካ እጄን ያዘች፤ አፍንጫችን ሊነካካ ጥቂት ነበር የቀረው።

«ስሜነህ! ደህና ነህ ወይ?» ብላ ጮኸች።

«ደህና ነኝ እማዬ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ኧረ ቀስ በሉ፣» አሉ እትዬ ስንዱ ጆሯቸውን ይዘው፣ «መካከላችሁ ወንዝ የለም።»

ክረምት ላይ ቀስ ብሎ ማውራት እንዴት እንደሆነ አናውቅም ነበር።

መቀሱ ያን ጠዋት ለሊቀ መቀስ ተመለሰላቸው። ሪባናቸውን ይዘው ቀርበው ነበር፤ የሚያስሩበት ቦታ ግን አጡ፤ በሁለቱም በኩል ሰው ይሻገራል፣ ፍየል ይሻገራል። ስለዚህ ሪባን ሳይቆረጥ ቀረ። በመዝገባችን ደንብ ያልተመረቀ ሥራ አልተጀመረም ማለት ነው። እስከ ዛሬ ብትጠይቁ ከተማችን አሥራ አንድ የተጠናቀቁ ድልድዮችና አንድ ያልተጀመረ ድልድይ አላት፤ ሰው የሚሻገረው ባልተጀመረው ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት የውኃ ጉድጓድ፣ አንድ ትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያው ጣሪያ እንደዚሁ ሳይጀመሩ በቀናቸው አልቀዋል። እትዬ ስንዱ ወደ ሠርጋቸው ተመልሰዋል፤ ጓዳው ግን አለ፤ ሰኞ ጠዋት ሰው ሳያሟርት ሽሮ አይቀርብለትም። አሁን የሚመሩት ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው፤ አፋቸውን መከለል ትተዋል።

ስለ እናቴ ዓይን ልጨርስ። ሐኪሙ ሞራውን አንሥቶ ዓይኗን በፋሻ አሸገና «ነገ ይፈታል» አለ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ቋጠሮው ጠብቆ ነርሷ መቀስ ፈለገች፤ ጤና ጣቢያው መቀስ አልነበረውም፤ ሰማንያ በመቶ ተሟልቷል ተብሎ ነው የተመረቀው። ሊቀ መቀስ በር ላይ ነበሩ። ያን የሪባን መቀስ ከኪሳቸው አወጡ፣ ነርሷ በአልኮል ጠረገችላቸው፣ የእናቴን ፋሻ ቆረጡ። እንባቸው አቀረረ፤ እንደ ወትሮው። ያጨበጨበ ግን አልነበረም።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች። መስኮቱን አየች፣ ሊቀ መቀስን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጉንጬን በጣቷ ነካች፣ አንገቴን ዳሰሰች፣ የሸሚዜን ስፋት ያዘች።

«ወፍሬያለሁ አላልከኝም?» አለች በቀስታ። በክረምት ቀስ ብላ ስትናገር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር።

ሸሚዜን ወደ ሱሪዬ ከተትኩ።

«ስንት በመቶ ነው የበላኸው?»

«ሰማንያ፣» አልኩ።

ነጠላዋን አጣፋችና ተነሣች። «ና በል፣» አለችኝ፣ «እንሻገር።»